አንድ ሜትር ከአሥር

ወሬው የደረሰው መካኒኩ ጉድጓድ ውስጥ፣ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ሆድ ሥር ቆሞ ሳለ ነው። የፍሬን ሸራ እየቀየረ ነበር። የጋራዡ ኃላፊ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሽማግሌ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ "እስቲ ወጣ በል። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" አለው።

ጋሼ በኖረበት ዘመን ሁሉ ማንንም እጅህን ታጠብ ብሎ አያውቅም። መካኒኩ ግን ያን ጊዜ ልብ አላለውም። ግሪሱን በሰጋቱራ ፈተገ፣ በሳሙና ደገመ፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን በሚስማር ጫፍ አወጣ። ጋሼ ፎጣ ይዞ ከኋላው ቆሞ ይጠብቀዋል።

"ከሚስትህ መሥሪያ ቤት ደውለው ነበር" አለው በመጨረሻ። "ራሴን ብላ ተቀመጠች አሉ። ሐኪም ቤትም ወዲያው አድርሰዋት ነበር። ልጄ... አልተረፈችም።"

ከዚያ ከአፉ የወጣው ቃል ዛሬም ድረስ ይገርመዋል። "ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣቸዋል?" ነበር ያለው።

ሐኪም ቤት በአንዲት ፌስታል የሰጡት ዕቃ ብዙ አልነበረም። መነጽሯ፣ ጣቷ ላይ የምታጠልቃት የስፌት ቆብ፣ ከአንገቷ ወርዶ የማያውቀው የጨርቅ ሜትር፣ እና አራት ቦታ የታጠፈ የመዝናኛ ፓርክ ወረቀት።

መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ከአንድ የቀለም ሱቅ በላይ፣ አራት የስፌት መኪና በተደረደረበት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሰፍታለች። የሥራ ጓደኞቿ "ሚሊሜትር" ይሏታል። ሌላው ሰፊ መስኮት አንድ ጊዜ ሲለካ እሷ ሦስት ጊዜ ትለካለች፤ ማንም ለክቶ ያመጣላትን ልክ አትቀበልም። "የሰው ዓይን አላምንም" ትላለች። የሰዉን መስኮት በገዛ ሜትሯ ለክታ፣ በገዛ ሜትሯ ቆርጣ፣ መሰላሉ ላይ ወጥታ ራሷ ካልሰቀለች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ከመካኒኩ ጋር የተገናኙትም በዚሁ ነው። ለረጅም መንገድ አውቶቡሶች መጋረጃ ልትለካ ጋራዡ መጥታ፣ አንዱን መስኮት ደጋግማ ስትለካ አያት።

"እመቤት፣ ይኼ መስኮት እኮ ከጠዋት ጀምሮ አላደገም" አላት።

"አንተ ከጠዋት ጀምሮ ያቺን አንዲት ብሎን ይዘህ ቆመህ የለም እንዴ?" አለችው፣ ዓይኗን ከሜትሩ ሳትነቅል። ጋሼ ይህንን ነገር በሠርጋቸው ቀን ለተሰበሰበው ሁሉ ተርኮታል። ከመጋረጃዎቹ መካከል፣ ለነገሩ፣ አንድም ያጠረ አልነበረም።

ስህተት አታውቅም ማለት ግን አይደለም። አንድ ጊዜ ወፍ የተሳለበት ጨርቅ ገልብጣ ቆርጣ ወፎቹ ሁሉ በአናታቸው ተዘቅዝቀው ቀሩ። ደንበኛው እንዳያየው ብትደብቀው ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን ይዛው መጥታ የልጆቿ መኝታ ክፍል ላይ ሰቀለችው። "እናንተ ስትተኙ እነሱ ይበራሉ፤ እነሱ ሲተኙ እናንተ ትነሣላችሁ" አለቻቸው። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ቀና ያለ ወፍ ያለበት መጋረጃ ሰው ቤት ሲያዩ የተሳሳተ ይመስላቸዋል።

ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ስለምታዝ ቤት ውስጥ "አለቃ" ትባላለች። ትንሹ አምስት ተኩል ነው፤ ቀጭን ስለሆነ እናቱ "ጠብደሌ" ትለው ነበር። የፓርኩን ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችው አለቃ ናት። ፓርኩ በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። የሚሽከረከር ፈረስ፣ የመስተዋት ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰው ሠራሽ ኮረብታ ወደ ኩሬ ቁልቁል የምትወረወር ጀልባ አለው። ጠብደሌ ጀልባዋን ባየ ጊዜ ወረቀቱን ሳመው።

እናትየው ጉዞውን እንደ መጋረጃ ያዘችው። የፓርኩን ካርታ በንድፍ ማውጫ ወረቀት ላይ አሳድጋ ስላ ልጆቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ለአለቃ የሚሆነውን በቀይ እስፒል፣ ለጠብደሌ የሚሆነውን በሰማያዊ፣ ሽንት ቤቱን በነጭ ወጋችው።

"ሴትዮ፣ ነጩ በዛ" አላት ባሏ።

"ልጅህን አታውቀውም እንዴ?"

የት ላይ ዳቦ እንደሚበላ፣ በየትኛው ዛፍ ጥላ ጠብደሌ የቀትር እንቅልፉን እንደሚተኛ፣ ጀልባዋ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጭምር ጻፈች። ጀልባዋ ለሁለት ለሁለት ናት፤ እሷ ከጠብደሌ ጋር፣ ባሏ ከአለቃ ጋር። ከመጋረጃ ቁራጭም አራት ቢጫ ኮፍያ ሰፋች፤ በሕዝብ መካከል እንዳይጠፋፉ።

"እኔም ላደርግ ነው?" አለ መካኒኩ። "የጋራዥ ሰው መጋረጃ ደፍቶ?"

"መጀመሪያ የምትጠፋው አንተ ነህ።"

ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት ያነበበችው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከአሥር ያልሞላ ልጅ ጀልባዋ ላይ አይወጣም። ሜትሯን ከአንገቷ ሳበችና ጠብደሌን በሩ መቃን ላይ አቆመችው።

"ተረከዝህን አታንሣ!"

"አላነሣሁም።"

"አየር አትሳብ። ደረት ቁመት አይጨምርም።"

አንድ ሜትር ከስምንት። በሳሙና ስባሪ አሰመረችና ቀኑን በእርሳስ ጻፈች። ልጁ ከንፈሩን ጣለ። "እማዬም ትለካ!" አለ፤ እሷንም አቁመው በአለቃ እጅ አሰመሩላት። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። "አጭር ከአጭር ተወለደ" ብላ ሳቀች።

የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሳምንት ቀርቶት ነበር። መካኒኩ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ እናድርግለት ሲል በዓይኗ ገረፈችው። "ልኬት አጭበርብር ብዬ ነው ልጄን የማሳድገው? ደግሞ በር ላይ ቢመልሱትስ? እህቱ ስትወጣ እሱ ቆሞ ሲያለቅስ ላይ ነው? በሚቀጥለው ዕረፍት እንሄዳለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ ሄዶ ደርሷል፣ እኔ እዚሁ ነኝ" አለ ጠብደሌ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መለካት ሆነ። ከመሞቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ አንድ ሜትር ከዘጠኝ ደርሶ ነበር። "አንዲት ጣት ቀረችህ፣ ጠብደሌ" ብላ ግንባሩን ስማዋለች።

ከቀብሩ በኋላ መካኒኩ ጠዋት ዳቦ ይቆርጣል፣ የአለቃን ፀጉር እንደ ምንም ይጎነጉናል፣ አለቃ መስተዋት አይታ ፈታ እንደገና ትጎነጉነዋለች። ጠብደሌ ግን አንድ አዲስ ነገር አመጣ፤ ይበላል። የራሱን ጨርሶ የአባቱን፣ የአባቱን ጨርሶ የእህቱን። አንድ ቀን ሆዱን አሞት ሲያስመልስ አባቱ ግንባሩን ደግፎ ያዘው።

"ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትበላው፣ ልጄ?"

"እኔ ባላጥር ኖሮ" አለ ልጁ አፉን እየጠረገ፣ "ከእማዬ ጋር ሄደን ነበር።"

አባትየው ፊቱን አጠበለትና አስተኛው። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንደገባ እሾህ ሆነበት፤ በሄደበት ይወጋዋል።

ከሳምንታት በኋላ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አስመረመረ። ነርሷ የሰጠችው ካርድ ላይ የጠብደሌ ቁመት አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት ይላል። መካኒኩ ካርዱን ይዞ ወደ ነርሷ ተመለሰ።

"እህቴ፣ ይኼ የሌላ ልጅ ነው።"

"የእርስዎ ነው።"

"እናቱ በቅርቡ ለክታው ከዘጠኝ ነበር። እሷ ደግሞ በልኬት አትሳሳትም።"

ነርሷ ካርዱን አየች፣ እሱን አየች። "ይሁን፣ እንደገና ልለካው" ብላ ልጁን ጠርታ አቆመችው። ያው አሥራ ሁለት።

መካኒኩ በማግስቱ ቤት ጥግ ከተቀመጠው የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ የብረት ሜትሩን አወጣ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ከፌስታሉ የጨርቁን ሜትር አውጥቶ ወለሉ ላይ ዘረጋው፣ የብረቱን ከጎኑ አስተኛ። አሥሩ ላይ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ሃምሳው ላይ ተለያዩ። የጨርቁ መቶ ሲል፣ ብረቱ መቶ ሁለት ተኩል አለ። ያ ሜትር አሥራ አራት ዓመት ከአንገቷ ተንጠልጥሎ፣ በየመስኮቱ ሲሳብ ሲጎተት ተለጥጦ ነበር። ሁለቱ ሜትሮች በአንድ ቤት ሲኖሩ፣ አንዱ ጥግ አንዱ አንገት ላይ፣ አንድም ቀን ጎን ለጎን ተኝተው አያውቁም።

ተነሥቶ ወደ በሩ መቃን ሄደ። ዕረፍቱ ሊገባ ሲል የተሰመረችውን፣ የመጀመሪያዋን መስመር በብረቱ ለካ። አንድ ሜትር ከአሥር ከሰባት ሚሊሜትር። ልጁ ያኔውኑ አልፎ ነበር። አራቱም ቢጫ ኮፍያቸውን አድርገው መሄድ ይችሉ ነበር።

ሜትሩን ጠቅልሎ ከቀለም ሱቁ በላይ ወዳለው ክፍል ወጣ። ሁሉም እትዬ የሚሏት አንጋፋዋ ሰፊ ባየችው ጊዜ የመኪናውን ፔዳል አቆመች። ነገሩን ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ቁርጥራጭ ክር በተጣበቀበት ቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"መለጠጡን እኮ ታውቅ ነበር" አለችው። "አዲስ ሜትር ሰጥቻት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እጄ ለምዶታል አለችኝ። እሷ የምትለካው በእሱ፣ የምትቆርጠው በእሱ። ውሸታም ከራሱ ጋር አይጣላም፤ መጋረጃው ልኩን ይዞ ይመጣል።"

"ታዲያ ልጄን?"

"ልጅህንም በእሱ ለካችው፣ ወንድሜ። የፓርኩን ልክ ግን ያወጣው ሌላ ሰው፣ በሌላ ሜትር ነው። እሱን አላሰበችውም።" "ለልጁ ግን አትንገረው። ምን ይጠቅመዋል? እናቱን በደህና ያስባት። ሙት ወቃሽ አትሁን።"

ይህ ነገር እስከ ቤቱ ድረስ አብሮት ሄደ። ሙት ወቃሽ መሆን አይፈልግም። የእሷን ስም ለመጠበቅ ሲል ግን ልጁ ትከሻ ላይ ያለውን ሸክም ሊተውበት ነው? ልጆቹ ክፍል ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ በመጋረጃው አልፋ ገብታለች፤ ወፎቹ በአናታቸው ተዘቅዝቀው ቆመዋል። እሷ እኮ፣ አለ በልቡ፣ የሳተችውን ደብቃ አታውቅም። ሰቅላው ነበር።

ልጆቹ እንደ ገቡ ሁለቱን ሜትሮች ወለሉ ላይ ዘረጋላቸውና የሆነውን ነገራቸው። ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ጠብደሌ በሆዱ ተኝቶ በጣቱ እየተከተለ እስከ መቶው ሄደ።

"እንግዲህ" አለ አባቱ፣ "አንተ አላጠርክም። ያኔም ትበቃ ነበር። ያልሄድነው በአንተ አይደለም።"

ልጁ ጣቱን ከመቶው ላይ አነሣ። "እማዬ ተሸወደች?"

"ተሸወደች።"

"ሚሊሜትር ተሸወደች!" ብሎ በሣቅ ተንከባለለ። አለቃ፣ "ዝም በል፣ ነውር ነው!" ብላ ገሠጸችው፤ ከዚያ እሷም አልቻለችም። አባታቸው አብሯቸው ሳቀ፤ ሲስቅ የት እንደ ነበረ የማያውቀው እንባ መጣ፤ አላፈረበትም።

"ቆይ ቆይ" አለች አለቃ ድንገት። "እማዬንስ የለካነው በዚሁ አይደል?"

ብረቱን ይዘው ወደ መቃኑ ሮጡ። አለቃ ወንበር ላይ ወጥታ አነበበች። አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት።

"አየህ" አለ ጠብደሌ፣ ለአባቱ አንድ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው። "እሷም ረጅም ነበረች። አላወቀችም እንጂ።"

በዚያን ቀን ራት ላይ ልጁ የራሱን ብቻ በላ፤ ግማሹንም ተወው።

ካርታው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ አንድም እስፒል አልተነቀለም። ኮፍያዎቹ አራቱም ከበሩ ጀርባ ተሰቅለዋል። ቀጣዩ ዕረፍት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጋሼ ፈቃዱን ፈርሞለታል። ጀልባዋ ለሁለት ለሁለት ናት፤ እነሱ ደግሞ ሦስት ናቸው። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ገና አልተወሰነም።