መኪናዬና የአባቴ በቅሎ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጥጥ የተሞላ ብርድ ልብስ የምሰፋ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ከተሜው ኮምፈርት ይለዋል፤ የገጠር ደንበኞቼ ግን «ያንን ወፍራሙን» እያሉ ነው የሚጠይቁኝ። ሁለት ጨርቅ አነባብሬ፣ መካከሉን በተነደፈ ጥጥ ሞልቼ፣ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ እንዳይሸሽ ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር እሰፋዋለሁ። ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣ ደገኛ አንዱን ለብሶ ካደረ ለሚስቱ ወይም ለእናቱ ሌላ ሊያዝ ተመልሶ ይመጣል።

ችግሬ መኪናዬ ነበረች። የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ የሚሰፋውም መኪና ነው፣ የሚነዳውም መኪና ነው፤ ይሄ ነገር ኋላ ጉድ አፈላብኝ። መኪናዬ ለቀሚስና ለሱሪ የተሠራች ናት። በመርፌዋና በግንዷ መካከል ያለው ክፍተት ስንዝር ተኩል አይሞላም። በዚያች ቀዳዳ ያንን የሚያህል ብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ጨምቄ፣ በትከሻዬ እየገፋሁ ሳሳልፍ ስድስት ዓመት ኖርኩ። በመጨረሻ ቀኝ ትከሻዬ አልነሳም አለኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ይህን ሥራ ተይው» ስትለኝ «አንቺስ ያንቺን ትተዪዋለሽ?» አልኳት። ደግነቱ ሳቀች። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር የማንም ሥራ ነው፤ ብርድ ልብሱ ግን የኔ ነው። እሱን ተቀምቼ ምን ልሆን ነው?

ቡሬ ላይ አንድ ሸራ ሰፊ ሽማግሌ መኪናቸውን ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። እህል ለሚጭኑ መኪኖች ሸራ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሸራ የሚሰፋ ሰው ትልቅ ነገር ስለሚያገላብጥ የሚሠራበት መኪና ክንዱ ረጅም ነው። መንገዱ ክፍት ስለነበረ በማግሥቱ ያላለቀ ብርድ ልብስ ታቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መኪናዋ በአሮጌ ጆንያ ተሸፍና ቆማለች። ሽማግሌው ጆንያውን ሲገልጡት «ወይ እመቤቴ!» አልኩ፤ አፌን መያዝ ነበረብኝ፣ ገዢ እንዲህ አይልም። ቀለሟ ተልጧል፤ ጠረጴዛዋ በዘይት ጠቁሯል። እጄን ከመርፌዋ ሥር ባስገባው እስከ ክርኔ ዘለቀ። ክንድ ሙሉ!

«በይ ስፊና ልይሽ» አሉኝ።

መጀመሪያ መዘውሯን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው እግሩን ፔዳሉ ላይ ከማሳረፉ በፊት ይህን ማድረግ አለበት፤ የሚንገጫገጭ ነገር ካለ በጣት ይሰማል። ከዚያ ብርድ ልብሴን ዘርግቼ ሰፋሁ። አልጠቀለልኩም፣ አልጨመቅኩም። ጨርቁ ተንሸራቶ ሄደልኝ። ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን አጨፈገግኩና «ትንኳኳለች» አልኩ።

«በኔ ዕድሜ አንቺም ትንኳኪያለሽ» አሉኝ።

ዋጋዋን ሲነግሩኝ አንገቴን ደፋሁ። ይዤ የሄድኩት አይደርስም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ደግሞ ሳቅኩ፤ ትንሽ ቀነሱልኝና ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላሉም። «እስከ ቅዳሜ አቆይልሻለሁ፤ ከዚያ ለመለዋወጫ ፈትቶ የሚሸጣት ነጋዴ ይወስዳታል» አሉ። ፈትቶ! ያቺን የመሰለች መኪና እንደ በሬ ሥጋ ሊበልቷት!

አባቴ ሽንዲ አጠገብ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ገንዘብ መጠየቅ ባልወድም ከመናኸሪያው ደወልኩላቸው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«አባዬ! ቡሬ ላይ ያገለገለ መኪና አገኘሁ! ትንሽ ጎደለኝ፤ ከባሕር ዛፉ ጥቂት ሸጠው ቢሞሉልኝ…»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። በማግሥቱ ራሳቸው ደውለው «ቅዳሜ ቡሬ እንገናኝ፤ ሞልቷል» አሉና ዘጉት።

ቅዳሜ ስደርስ አባቴ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል አብረዋቸው የመጡ አንድ የአገራችን ሰው እጄን ጨብጠው ወዘወዙኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! አባትሽ እኮ በቅሏቸውን ሸጡልሽ። ለልጄ መኪና መግዣ ነው ሲሉ እኛም መረቅንሽ። ስትመጪ ታሳፍሪናለሽ መቼም!»

ይህን ብለው ወደ ገበያው አለፉ።

ያቺ በቅሎ የአባቴ ክብር ነበረች። ታቦት ለማንገሥ በሷ ነው የሚሄዱት፤ ለሽምግልና ሲጠሩም በሷ ነው። አገሩ ከሩቅ በአረማመዷ ያውቃቸዋል። እኔ የጠየቅኩት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሳቸው ግን የሚነዳ መኪና መስሏቸው በቅሏቸውን ሸጠዋል! አሁን በቅሎም የለ፣ የሚያሳፍራቸው መኪናም የለ። ሽንዲ ሁሉ ሊስቅባቸው ነው። በኔ አፍ ጦስ!

ወደ ሸራ ሰፊው ቤት ስንሄድ እንዴት እንደምነግራቸው ጠፋኝ። «አባዬ» እላለሁ። «ወይ» ይላሉ። «ምንም» እላለሁ። እኔ ደግሞ ስጨነቅ የምናደድ ሰው ነኝ፤ አመሌ ነው። ከበሩ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን መንገድ መሀል ቆሜ ጮህኩ።

«ለምን ሳይጠይቁኝ ይሸጣሉ? የስፌት መኪና ማለቴ ነበር እኮ! የሚነዳ አይደለም፤ የሚሰፋ ነው! መኪናዋ ትቅርብኝ፤ አሁኑኑ ሄደን ገዢውን እንለምነውና በቅሎዎን ይመልስልን!»

አባቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው አዩኝ።

«ስትጮኺ ቁርጥ እናትሽን» አሉ። «ልብስ ሰፊ ልጅ እያለችኝ፣ መኪና ስትል የቱን መኪና እንደሆነ የሚጠፋኝ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለሰዎቹ ለምን…»

«ለሰዎቹ መኪና አልኳቸው። መኪና አይደለም? ዋሸሁ?»

«ምነው ታዲያ በቅሎዋን?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከአጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቀማመጣቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሁለት እጃቸው ዘንጉን ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር የወረዱት።

«ካለፈው ክረምት ወዲህ እርካብ መርገጥ አቃተኝ» አሉ። «ጉልበቴ አይዝም። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደቅሁ፤ እግዜር ይመስገን ያየኝ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ልጓሟን ይዤ እየሳብኩ ነው የምሄደው። ሰው ሲጠይቀኝ በቅሎዋ ትረፍ ብዬ ነው እላለሁ። ስንት ወር ትረፍ ይባላል? አቅቷቸው ሸጡ ከምባል፣ ለልጃቸው መኪና መግዣ ሸጡ ልባል። አንቺ ስትደውዪ እኮ ፈጣሪ ያስደወለሽ ነው የመሰለኝ።»

እኔ በየሳምንቱ እደውላለሁ። «ደኅና ነዎት?» እላለሁ፤ «ደኅና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ደኅና ሁኚ» ይሉኛል። አምኜ እዘጋው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። «በይ ተይ፣ ሰው ያይሻል፤ ዋጋ ይጨምሩብሻል» አሉኝ፣ እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

ገዛናት። አባቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው «ትሠራለች?» ሲሉ ሸራ ሰፊው «ከኔና ከርስዎ የተሻለች ናት» አሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እስኪያስሉ ሳቁ። ጠረጴዛዋን ፈትተን በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ወሰድናት።

ዛሬ የሱቄን እኩሌታ ይዛ ተቀምጣለች። ደንበኛ የሚቆምበት ቦታ ጠቧል፤ ይጥበብ። ብርድ ልብሱን ዘርግቼ መስመሩን ስለቀው ሳይታወቀኝ አንጎራጉራለሁ። ተመስገን ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

መኪናዋን የገዛን ቀን አባቴ ወደ ሽንዲ አልተመለሱም። ጉልበታቸውን ሐኪም ይይልኝ ብዬ አብረውኝ ፍኖተ ሰላም እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ ይከራከሩኛል ስል እሺ አሉ። መኪናዋን ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሳሰርን፤ የመሳፈር ተራችንም ደረሰ። የሚኒባሱ መርገጫ ከፍ ያለ ነው። አባቴ ደጋፊ አይወዱም፤ እጄን ብዘረጋላቸው «ሽማግሌ አደረግሽኝ?» ብለው የሚቆጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ ቆምኩ። አንድ እግራቸውን አነሡ፤ መልሰው አወረዱት። ከኋላችን ሰው ይጋፋል፤ ረዳቱ «ግቡ እንጂ አባት» ይላል። አባቴ ዘንጋቸውን ለኔ አቀበሉኝና ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በዝግታ፣

«ያዢኝ» አሉኝ።

ብብታቸውን ይዤ ወደ ላይ አነሣኋቸው። አባቴ ያን ያህል ቀላል ሆነዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።