«የባል ስም» የሚለው ክፍት ቦታ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሼ ዘነበ ሁለት ነገር አስረከቡኝ፤ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍና የራሳቸውን አሮጌ ካፖርት። «ቁልፉ ለመዝገቡ ነው፣ ካፖርቱ ላንቺ» አሉኝ። የማዘጋጃ ቤታችን መዝገብ ቤት ፀሐይ የማታውቀው ክፍል ነበር። የመንዝ ብርድ ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ነች ብሎ አያዝንም። ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ስለሚወርድ የከተማው ሰው ስሜን ትቶ «ካፖርቷ» ይለኝ ጀመር፤ ጡረታ እስክወጣም አልተወኝም።

ከተማዋ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ጊዜው ደርግ ወድቆ ወረዳውም ቀበሌውም እንደ አዲስ የተደራጀበት ነበር። እኔ ረዳት የመዝገብ ሠራተኛ፣ ጋሼ ዘነበ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፤ ከኛ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም።

ጋብቻ ሊያስመዘግብ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ማመልከቻ ያስጽፋል። ከቀበሌው የነዋሪነት ማረጋገጫ ያመጣል፤ ጉርድ ፎቶግራፍና ቴምብር ይጨምራል። በሙሽራውም በሙሽሪትም በኩል እማኞች ቀርበው ይፈርማሉ፣ መፈረም የማይችለው አውራ ጣቱን ያትማል። ከዚያ ማኅተም ይመታል፤ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ማረፍ አለበት። በጥቅምት ውርጭ የማኅተሙ ቀለም አልለቅ ስለሚል ጠዋት ጠዋት ብብቴ ውስጥ አሞቀው ነበር።

አንድ ቀን ከዘመሮ በኩል የመጡ ባልና ሚስት ገቡ። ሁለቱም ሸምግለዋል፤ ጋብቻቸው በመዝገብ እንዲሰፍርላቸው ይፈልጋሉ። ደንቡን ተከትዬ «አባባ፣ ያላገቡ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የልጅ ልጄን ድሬ እየመጣሁ ያላገባሁ ነኝ ብዬ ልማል?»

«ሌላ ሚስት የሌለዎት መሆኑን ማለቴ ነው።»

«እንዲያ በይኛ! ይቺን አንዷንም ችዬ አልቻልኳት።»

ሚስታቸው ከኋላ ሆነው «ማን ማንን እንደቻለ እግዜር ይፍረደው» አሉ። ጋሼ ዘነበ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ከማስመዝገቡ ይልቅ የሚከብደው የቆየ ጋብቻ ፈልጎ ማግኘት ነው። ባላገሩ በሰማንያ ነው የሚጋባው፤ ውሉ በሽማግሌዎችና በዋሶች ፊት ይታሰራል፣ ተጻፈ ከተባለም ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ ይገባና አይጥ ይበላዋል። በዚያ ላይ የስም ጣጣ አለ። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ የባሏ አገር የሚያውቃት በዚያ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሼ ዘነበ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ጥያቄ «አባትዎ ቤት ማን ይሉዎት ነበር?» የሚለውን ነው።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ባሏ የሞተባቸው ሴት ከወረዳው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው መጡ። የሻረግ ይባላሉ። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የባላቸው የወንድም ልጅ ቤቱና መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሰሳቸው። ክሱ ላይ «የአጎቴ ሚስት አይደለችም፣ ሠራተኛ ሆና የገባች ናት» ብሏል። ፍርድ ቤቱም ጋብቻው ተመዝግቦ እንደሆነ ከኛ መዝገብ ተፈልጎ እንዲገለጽ አዟል። ማስረጃ ካልተገኘ እማማ የሻረግ ካረጁበት ቤት መውጣታቸው ነው።

«ልጁን የማውቀው ጠላት ሆኖ አይደለም» አሉኝ። «እናቱ ሞታበት እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እጄ አመድ አፋሽ ሆነብኝ እንጂ።»

ቅጹን አውጥቼ «የባለቤትዎ ስም?» አልኩ።

ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ወረቀቱ ላይ አለልሽ» አሉኝ ቀስ ብለው።

እናቴም አባቴን አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅምና ገባኝ። በአገራችን ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። «ጌታነህ» ብዬ ከትእዛዙ ላይ ገለበጥኩት። ፍርድ ቤት ግን ወጉን ተረድቶ ያለፋቸው ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ቀጠሮ የሟችን ስም ተጠይቀው ዝም በማለታቸው «የሟችን ስም መናገር አልቻለችም» ተብሎ ተመዝግቧል። ከሳሹም ይህችን ይዞ «ስሙን እንኳ አታውቀውም» እያለ በየጠላ ቤቱ ያወራ ነበር።

መዝገቡን ሁሉ አገላበጥኩ፤ የለም። ጋሼ ዘነበ «አልተገኘም ብለሽ ጻፊና አምጪ፣ ልፈርም። የእኛ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል» አሉ።

«አባታቸው ቤት ማን ይሏቸው እንደነበር ገና አልጠየቅኩም» አልኳቸው።

«ካፖርቴን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ወንበሬ አማረሽ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ግን ጥያቄውን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸውና ባዶ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ።

እማማ የሻረግ የተዳሩት ከመርሐቤቴ ነው፤ አባታቸው ቤት አስካለ ነበር የሚሏቸው። በዚያ ስምም መዝገባችን ውስጥ ስላጣሁት አገራቸው ወዳለው ቀበሌ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጋሼ ዘነበ እያጉረመረሙ ፈረሙበት። በዓለም ከተማ በኩል ዞሮ መልሱ እስኪመጣ ቀጠሮው ተቃረበ፤ ሴትዮዋም በገበያ ቀን እየመጡ በሩ ላይ ይቀመጡ ነበር። «መጣ?» ብለው አይጠይቁኝም፤ ፊቴን አይተው ይሄዳሉ። 

መልሱ መጣ። የሰማንያው ወረቀት እንደጠፋ፣ ሆኖም በአስካለ ሠርግ ዋስ የነበሩ አባባ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ በሕይወት እንዳሉ ይገልጻል። ሽማግሌው በበቅሎ የመንዝን ገደል ወጥተው ለቀጠሮው ደረሱ። እኔም የፍለጋውን ውጤት እንዳስረዳ ታዝዤ ቀረብኩ።

ጋብቻው በመዝገባችን እንደሌለ፣ ከመርሐቤቴም ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ዋሱ ግን አሉ የሚል መልስ እንደመጣ ተናገርኩ። «በመዝገባችን የለም» ያልኩ ጊዜ ከሳሹ ፈገግ አለ፤ ጠላሁት።

አባባ ተሰማ ቀርበው ማሉ። የዛሬዋን የሻረግ፣ የያኔዋን አስካለን፣ ለጌታነህ በሰማንያ እንደዳሩ፣ እሳቸው ዋስ እንደነበሩ መሰከሩ።

ከሳሹ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የአገሯ ሰው ነው፤ ያላየውንም ይመሰክርላታል። ሚስት ብትሆን ስሙ ይጠፋት ነበር?»

ዳኛው ወደ እማማ የሻረግ ዞሩ። «እናቴ፣ የባልዎን ስም አንድ ጊዜ ይጥሩልኝና ይህን ነገር ከመዝገቡ ላስወጣው።»

 በልቤ «በሉ፣ አንድ ቃል ናት» እላለሁ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ጌታዬ፣ አፌ አልለመደም» አሉ በመጨረሻ። «በሕይወት ሳሉ ያልደፈርኳቸውን ከሞቱ በኋላ እንዴት አድርጌ?»

አባባ ተሰማ ገና አልተቀመጡም ነበር። «ጌታዬ ይፍቀዱልኝ» አሉ። «ሠራተኛማ ስም ትጠራለች። ጎረቤት ስትላክ ‹አያ ጌታነህ ልከውኝ ነው› ትላለች። ስሙን የማትጠራው ሚስት ናት። ካላመኑኝ እኔን አይጠይቁ፤ የሱን ምስክር ይጠይቁ።»

ዳኛው ትንሽ አሰቡና ቀደም ሲል «ሠራተኛ ነበረች» ብሎ የመሰከረውን የከሳሹን ምስክር፣ የሟችን ጎረቤት፣ መልሰው አስጠሩ። «ይህች ሴት ወደ ቤትህ ተልካ መጥታ ታውቃለች?»

«ስንት ጊዜ! ወንፊት ስትዋስ፣ እሳት ስትጭር።»

«ማን ላከኝ ትል ነበር?»

«‹ከቤት ተልኬ ነው› ነው የምትለው።»

«የሟችን ስም ስትጠራ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሰውዬው ራሱን አከከ። «ኧረ ሰምቼ አላውቅም ጌታዬ። የኔይቱስ ብትሆን መቼ ጠርታኝ ታውቃለች!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ምን እንደተናገረ የገባው ሳቁን ሲሰማ ነው፤ ከሳሹን ላለማየት ባርኔጣውን እጁ ላይ ያሽከረክር ጀመር። ዳኛው አልሳቁም። ጸሐፊውን «ይህን ቃል በቃል ጻፈው» አሉት።

ቤቱና መሬቱ ለእማማ የሻረግ ተፈረደ። ከሳሹ የወንድም ልጅ ቆይቶ ሽማግሌ ልኮ ታረቀ ሲሉ ሰምቻለሁ። እሳቸው እንደሆኑ ቂም መያዝ አይችሉበትም፤ እኔ ብሆን አልታረቀውም ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በሶ ቋጥረው መዝገብ ቤት መጡ። የፍርዱን ግልባጭ ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ስማቸው ያለበት የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። የቀለሙን መስመር ሳይነኩ በላዩ ላይ ጣታቸውን አሳለፉ።

«እስቲ አንቺ ጥሪልኝ።»

«ሟች አቶ ጌታነህ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሟች የሚለውን ተይው።»

«ጌታነህ» አልኩ።

«አዎ። እሳቸው ናቸው» አሉ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። እንባቸው ወረደ፤ እኔም በካፖርቱ እጅጌ ፊቴን ጠረግሁ። ጋሼ ዘነበ መስኮቱን ይመለከቱ ነበር፤ መስኮቱ ደግሞ ግድግዳ እንጂ ሌላ ነገር አያሳይም።

ጡረታ ልወጣ ስል የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እየቀበሌው ወረደና ለአዲሶቹ ሠራተኞች ልምድ እንዳካፍል ተጠየቅሁ። የማኅተሙን አመታት አሳየኋቸው፤ የአባት ቤት ስም እንዲጠይቁም ነገርኳቸው። አንዲት ልጅ «የባሏን ስም አልናገርም ካለችስ ምን ብዬ ልሙላው?» አለችኝ።

«አታውቅም ብለሽ አትጻፊ» አልኳት። «ከእማኙ ጠይቀሽ ሙዪው።»