ከኖርዌይ የመጣው ቃጭል

«ላም እንደ ወንፊት ከጎረቤት አይዋስም» አሉ አባቴ።

«ለአንድ ሰዓት እኮ ነው» አለች እናቴ። «ልጅቷ አየቻት፣ ደባበሰቻት፣ ፎቶ ተነሳች፣ በቃ። ከማን ምን ይጎድላል?»

«ከእኔ።»

«አንተ ሰውዬ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ላም ላም ነው።»

«አንቺ ሱቅ ጨርቅ ሁሉ ጨርቅ ነው?»

እናቴ ሁለት ሰማያዊ ጣቃዎችን ዓይኗን ጨፍና በጣቷ የምትለይ ሴት ናት። እህቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የትንሹን ልጇን ካልሲ ትገለብጣለች። ያንኑ ካልሲ ስትገለብጠው ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። ከኖርዌይ ሁለት ልጆቿን ይዛ ለእረፍት መጥታ ነገሌ ከደረሰች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። የትልቋ ልጇ ላም ከሞተች ሁለት ዓመት እንዳለፋት የሰማችው ደግሞ ከሩብ ሰዓት በፊት፣ ከአባቴ አፍ ነው።

እኔ ከተቀመጥኩበት በመስኮቱ የእህቴ ልጅ ትታየኛለች። ቢጫ የጎማ ቦቲ አድርጋ የግቢው በር አጠገብ ቆማለች። ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም፤ ግን በእሷ አገር ወደ ከብት የሚኬደው በጎማ ቦቲ ነው። ፊቷ በፀሐይ መከላከያ ቅባት ነጥቷል። እጇ ላይ ቀይ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው የናስ ቃጭል አለ፤ ጠዋት ከሻንጣው ሥር ቆፍራ ያወጣችው ነው። በአራት ሰዓት የተከራየነው መኪና መጥቶ ሊበን ገጠር፣ አጎቴ መንደር፣ ወደ ላሟ ወደ ቦቃ ሊወስዳት ነበር።

አባቴም በመስኮቱ አዩዋት። «ያን ያመጣችው ለቦቃ ነው?»

«ለጥጃዋ ነው» አለች እህቴ።

«ለየቷ ጥጃ?»

እህቴም እናቴም ወደ እኔ ዞሩ።

አባቴ የሊበን ቦረና ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበሩ። እናቴ ጨርቅ ሊሸጡ ነገሌ መጥተው እዚሁ የቀሩ የጉራጌ ነጋዴዎች ልጅ ናት። ከአባቴ ወገን ልጅ ሲወለድ ከመንጋው አንዲት ጥጃ ለእሱ ትለያለች። ሀንዱራ ይሏታል፤ እትብት ማለት ነው። ከእሷ የሚወለደው ሁሉ የልጁ ነው። አባቴ ሲያስረዱ፣ ሰው ባዶ እጁን ወደ ዓለም እንዳይገባ ነው ይላሉ። የእህቴ ልጅ ኖርዌይ በረዶ ሲጥል የተወለደች ዕለት አባቴ ባርኔጣቸውን አድርገው ሊበን ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቀይ ጥጃ መረጡ። ፎቶዋን በስልኬ አንስቼ ላክሁ። ልጅቷ ያንን ፎቶ አልጋዋ ራስጌ ለጥፋ አደገች። አፏን ስትፈታ ጀምሮ እሁድ እሁድ ስንደዋወል ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ «ቦቃ እንዴት ናት?» ትላለች። አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው «ናጋ፣ ሰላም ናት፣ ጠገበች፣ ትልቅ ሆነች» ይሏት ነበር። ያኔ እውነት ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በሚቀጥለውም ወቅት ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ባለውም። ከብት በጣም ሲከሳ ጠዋት በራሱ አይነሳም፤ ሰው ነው የሚያነሳው፣ አንዱ ከጭራው፣ ሁለቱ ከጎኑ። አንዴ ከቆመ እስከ ማታ ይቆማል። አባቴ አጎቴ ዘንድ ከርመው ቦቃን በየማለዳው አነሷት። የሚተኙበትን የሳር ፍራሽ ቀደው አበሏት። እኔ በሄድኩበት ሰሞን አንድ ጠዋት ሦስታችን ያዝናት፤ አልተነሳችም። ደግመን ያዝናት። እኔና አጎቴ ለቀን ቀና አልን። አባቴ ጭራዋን እንደያዙ ቆዩ።

በሳምንቱ እሁድ ስልኩ ሲጮህ አባቴ ወደ ጓሮ ወጡ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፣ ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ቦቃ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ።

«ምን እያደረገች ነው?»

«ሳር እየበላች።»

ያን ሰሞን በእግር አንድ ቀን ቢኬድ እንኳ ሳር አይገኝም ነበር።

ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ደግሞ የራሴን ግጥም እጽፋለሁ። ነገሌ ውስጥ ምን ጻፍክ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጓደኞቼ ወረቀት ሳወጣ «ጀመረው ደግሞ» ብለው ሻይ ያዛሉ። ይህች ልጅ ግን እሁድ እሁድ አገጯን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ትሰማኛለች። ዝም ስል «ከዚያስ?» ትላለች። ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ቦቃን ዱብሉቅ ወዳሉት የውሃ ጉድጓዶች የሚወስድ ግጥም ጽፌ ጠበቅኋት።

ቦቃ ዱብሉቅ ወርዳ ግመሏ ብትቀድማት፣
«አንገትሽን ሰብስቢ» ብላ ተቆጣቻት።

ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። እንዲህ ሆኖ አጥንት የነበረችው ቦቃ በየሳምንቱ ሥጋ ለበሰች። አንድ እሁድ የምነግራት ስላለቀብኝ ቦቃን አስወለድኳት። በዝናብ ቀን፣ ሙሉ ነጭ ጥጃ። ስም ያወጣችላት ልጅቷ ናት፤ በአገሯ ቋንቋ በረዶ ማለት ነው አለችኝ። እህቴ የሰማችውን አመነች። እናቴ ታውቅ ነበር፤ «ይሁን፣ ልጅ ደስ ይበላት» አለች። አባቴ በሰዓቱ ሁልጊዜ ጓሮ ናቸው። ሐዘናቸው ነው ብዬ አልጠራኋቸውም። እውነቱን ለመናገር አለመኖራቸው ተመችቶኝ ነበር።

«ቦቃ ወለደች ወይ?» አሉኝ አሁን፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

«ግጥም ነበር አባ። ደስ እንዲላት ነው።»

«ቦቃ ጊደር ሆና ነው የሞተችው። አንድ ቀን አልታለበችም።»

«ይኸው እኮ ነው የምለው» አለች እናቴ። «የጎረቤታችን ላም ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ጥጃም አላት። ጥጃዋ ነጭ አይደለችም፤ እሱንም ስታድግ ቀለሟ ተለወጠ እንላለን።» ይህን ብላ ራሷን ሰማችና አፏን በእጇ ሸፈነች።

እህቴ ካልሲውን አስቀመጠች። «እሁድ እሁድ እሷ ስትስቅ ስሰማ፣ ወጥ እያማሰልኩ አብሬያት እስቅ ነበር» አለችኝ። «ለእኔ ለብቻዬ እንኳ አትነግረኝም?»

ካልሲውን አንስቼ እኔም ገለበጥኩት።

አባቴ ተነስተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። «መኪናው ይምጣ። እኔ እነግራታለሁ። የሞተችበት ቦታ አለ።»

«ልጆቹ የመጡት ለእረፍት ነው» አለች እናቴ። «ለለቅሶ አይደለም።»

«ለቅሶ ያለበት ሰው መጀመሪያ ለቅሶውን ይደርሳል።»

እናቴ አልመጣችም። መኪናው ውስጥ አባቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነበርን። የአራት ዓመቱ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ኩይሳ ይቆጥራል፤ አሥር ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ሲያይ «እዚህ ማን ይኖራል?» አለ። «ምስጥ» አልኩት። «ብቻውን?» አለ። ሾፌሩ ብቻ ሳቀ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እህቱ እጅ ላይ ያለው ቃጭል ይጮሃል። ቃጭሉ ሲጮህ ሁላችንም ወሬ እናቆማለን።

አጎቴ መንደር ስንደርስ ልጅቷ ቀድማ ወረደች፤ በእሾህ አጥሩ ላይ ተንጠራርታ ወደ ከብቶቹ አየች። ከድርቁ በፊት ከነበሩት መቶ ከብቶች የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ነጭ ጥጃ የለችባቸውም። አባቴ እጇን ይዘው ከአጥሩ ጀርባ ወዳለው ግራር ወሰዷት። እኔና እህቴ ትንሽ ራቅ ብለን ተከተልን። ግራሩ ሥር በፀሐይ የነጣ አጥንት አለ። አባቴ ቁጢጥ አሉ፣ እሷም በቦቲዋ ቁጢጥ አለች።

«ኢንታላ፣ ቦቃ ሞታለች» አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አባቴ ቸኩለው አላለፉትም። የቦቃ እናት ማን እንደነበረች፣ የእናቷም እናት ምን ዓይነት ቀንድ እንደነበራት፣ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ። የዘሩ ጫፍ ላይ አንዲት ግራጫ ላም አለች፤ እሷም አባቴ ሲወለዱ አባታቸው የለዩላቸው ሀንዱራ ነበረች። ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያች ግራጫ ላም ዘር የቀረችው ቦቃ ብቻ ነበረች። ቀጥለው ፍራሹን ነገሯት። ማለዳ ማለዳ እንዴት እንዳነሷት በእጃቸው አሳዩዋት።

«ለምን ውሃ አልሰጠሃትም?» አለች። ከእናቴ በቀር አባቴን አንተ የሚላቸው ሰው የለም፤ አላረሟትም።

«ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። የጠፋው ሳር ነው።»

«አለቀስክ?»

አባቴ አሰቡ። «ጭራዋን ይዤ ቆየሁ» አሉ።

ያኔ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አልነበረውም፤ ቅባቱ ፊቷ ላይ በእንባው ተሰነጠቀ። አባቴ ትከሻዋን ያዙ እንጂ አይዞሽ አላሉም። እህቴም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። እፎይ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ አለፈ ብዬ ነበር።

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ተነሳች። እንደገና ወደ አጥሩ አየች።

«ጥጃዋስ? እናቷ ከሌለች ማን ያጠባታል?»

አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ለቅጽበት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሱን አጎትሽ ነው የሚያውቀው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ወንድማቸውን ሰላም ሊሉ ሄዱ።

«ቤት ስንገባ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ስንመለስ ቃጭሉ አልጮኸም። ትንሹ ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል፤ እሷ ግን ሙሉውን መንገድ የቃጭሉን ምላስ በሁለት ጣቷ ጨብጣ ነው የመጣችው።

የእኔ ክፍል ከግቢው በር ጎን ያለችው የቆርቆሮ ቤት ናት። ከምሳ በኋላ ሳታንኳኳ ገባች፤ ቦቲዋን አላወለቀችም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቃጭሉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቶቼ አጠገብ አኖረችው።

«ጥጃዋም ሞተች?»

«አልሞተችም።»

ፊቷ ሲበራ አየሁ። ያንን አላሰብኩትም ነበር። እውነቱን ስናገር እንኳ በተሳሳተው በኩል ጀመርኩት።

«አልተወለደችም» አልኩ።

«ተወልዳለች። በዝናብ ቀን። እናቷ ላሰቻት፣ ከዚያ ወድቃ ተነሳች። አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ወደ ወረቀቶቹ አየች። አማርኛ ማንበብ አትችልም። ቢሆንም ከላይ ያለውን ገልብጣ በሁለቱም በኩል አየችው፤ በአንድ በኩል የሰው የመሬት ማመልከቻ፣ በሌላው የእኔ ጽሑፍ ነበር።

«ግመሏስ?»

«እሷንም።»

«ዱብሉቅስ?»

«ዱብሉቅ አለ። ጉድጓዶቹም አሉ።»

«ክፍል ውስጥ ስዬያታለሁ» አለች። «መምህሬ ግድግዳው ላይ ለጠፈቻት። እኔ ጥጃ እንዳለኝ ሁሉም ያውቃሉ።» ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠችና «ለምን ጻፍካት?» አለች።

ከሊበን ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁለት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለቱም ያምሩ ነበር። አልተናገርኳቸውም።

«አንቺ ስለምትሰሚኝ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን ገባኝ ማለቷ አላወቅሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ እሁድ ሲደወል የምትፈልገው አያቷን ነው፤ ስለ እውነተኞቹ ጥቂት ከብቶች አንድ በአንድ ትጠይቃቸዋለች፣ እሳቸውም ጓሮ አይወጡም። ጓሮ የምወጣው እኔ ሆኛለሁ። ያን ከሰዓት ግን ገና አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ከዚያስ?» ብትለኝ የምነግራት አላጣም ነበር።

ተነሳችና ቃጭሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ይህን ለአያቴ እሰጠዋለሁ» አለች። «የሆነ ቀን ጥጃ ሲኖረው።»

ወጣች። የክፍሌ በር ማጠፊያው ስለላላ ታችኛው ጫፉ መሬት ይነካል፤ ወደ ላይ ካልተነሳ አይዘጋም። እንግዳ ሁሉ ሳይዘጋው ትቶት ይሄዳል። እሷ ግን ጠዋት እኔ ሳደርግ አይታኝ ኖሮ የቃጭሉን ማንጠልጠያ በጥርሷ ያዘች፣ በሩን በሁለት እጇ አነሳችና ዘጋችው።