«ቤቶች!»

የአባቴን ታላቅ ወንድም ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ከፍኖተ ሰላም ተነስተው የድሮ ቤትና የድሮ ደብር እየዞሩ ማየት ነፍሳቸው ነበር፤ እኔም ቦርሳቸውን ይዤ ብዙ ተከትያቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ቡሬ አካባቢ፣ ለጎብኚ ተጠብቆ የቆየ የባላባት ቤት ልናይ ሄድን። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ቀድሞን ገባ። ጋሼ ግን ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። እኔ በሃፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

«አባቴ፣ ሰው እኮ የለም፤ ባለቤቶቹ ካለፉ ስንት ዘመናቸው» አለ ዘበኛው እየሳቀ።

«አውቃለሁ። ቢሆንም የሰው ቤት ነው፤ ግቡ ሳልባል አልገባም» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው መጠበቅ ያዙ።

ዘበኛው ግራ ገባው። ኋላ ግን ወደ ጓዳው ዘለቀና እንደ አባወራ ጎርነን ባለ ድምፅ «ደጆች! ይግቡ!» አለ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ለባዶው መደብም እጅ ነሱ።

እሳቸው ቤት ስሄድማ «ቤቶች» ብዬ ሳልጨርስ «ደጆች! ግቢ ልጄ፣ ግቢ!» ይሉኝ ነበር።

ከቀብራቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው ሳምንት ቤታቸውን ልጠርግ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ። ጎረቤት ሰምቶኝ ከሆነ አብዳለች ይለኛል። ቆምኩ፣ ቆምኩ። ቁልፉ በእጄ ነው፤ ግቢ የሚለኝ ግን የለም።