የለውዙ ወተት እና የባለቤቴ እህት

ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት ሬዲዮ ፈትቼ ነው፤ ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ኮልፌ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን እንደኔ መልሶ የሚጠቀልል ሰው ካለ ያሳዩኝ። ስለዚህ ዘንድሮ በሁዳዴ ከለውዝ ወተት አወጣለሁ ስል፣ አወጣለሁ ማለቴ ነበር።

ምክንያቱ ባለቤቴ ናት። ጾሙ ሊገባ ሲል የቀሯትን ጥርሶች አስነቅላ ድዷ አልድን አለ። እንጀራ ማላመጥ አቃታት፣ አጥሚት ገና ሲሸታት ያንገሸግሻታል። ሐኪሙ ወተት ጠጪ አላት። የንስሐ አባታችንም ፈቀዱላት። እሷ ግን "ስልሳ ዓመት የጾምኩትን ለድድ ብዬ አልሽርም" ብላ አፏን ዘጋች። በሁለተኛው ሳምንት ጣቷ ከመሳሳቱ የተነሳ የጋብቻ ቀለበቷ እንዳይወልቅ ክር ጠመጠመችበት።

ልታስታምማት ታናሽ እህቷ ከዘነበወርቅ መጣች። እኔና ይህች ሴት ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንዋደድም። ያኔ "ለእህቴ ሽቦ ቆራጭ አይገባትም" ብላ ነበር። አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

ለውዙን አጥቤ ስዘፈዝፍ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ወተት።"

"ከለውዝ? ታዲያ ጥጃዋን የት አሰሯት?"

"ጥጃዋማ ይኸው ቆማለች" አልኳት። "ዞር በይልኝ!"

በማግስቱ ጠዋት ለውዙን እያሸሁ ልጣጩን አወጣሁ። ከቁራሌው ገዝቼ ሞተሩን ራሴ በጠቀለልኩት የጁስ መፍጫ፣ ለአንድ ስኒ ለውዝ ሦስት ስኒ ለብ ያለ ውሃ ጨምሬ እስኪነጣ ፈጨሁት። ማጥለያ የት እንዳለ መጠየቅ ማለት እሷን መጠየቅ ነው። አልጠየቅሁም። ከኩሽናው መሳቢያ አንድ ንጹህ ነጭ ጨርቅ መዝዤ አውጥቼ ጨመቅሁት። ከዚያ ቆንጠር አድርጌ ጨው ጨምሬ፣ በቀስታ እሳት እያማሰልኩ አፈላሁት። ካላማሰሉት ያራል፤ ይህንንም ማንም አልነገረኝም፣ አንድ ድስት አቃጥዬ ነው ያወቅሁት።

ባለቤቴ ቀመሰች። ኩባያውን ጨረሰችና "ሌላ አለ?" አለችኝ።

አራት ቀን ጠጣች። በአራተኛው ቀን ተነስታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እህቷ አንድ የምስጋና ቃል አልወጣትም። ከጨርቁ አራግፌ በሳህን የማስቀምጠውን አሰር ግን በየቀኑ እየወሰደች ሽሮዋ ውስጥ ትጨምረው ነበር። "ሽሮዬ ወፈረልኝ" ትላለች፤ ሽሮዋን እንጂ እኔን አላመሰገነችም።

በአምስተኛው ቀን ጨርቁን ሽቦ ላይ ተሰጥቶ አየችው።

"እትዬ! ይሄ እኮ የአይብ ማጥለያሽ ነው! ዳሩን በቀይ ክር የዘመዘምኩልሽ እኔ ነኝ! እኚህ ሰውዬ በሁዳዴ አስገደፉሽ!"

በጾም የፍስክ ዕቃ ታጥቦ ለብቻው እንደሚቀመጥ ማንም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ያንን መሳቢያ ግን በዕድሜዬ ከፍቼው አላውቅም ነበር።

"ታጥቧል እኮ!" አልኩ።

"አይብ ያጠለለ ጨርቅ ስለታጠበ ይጾማል?"

"አንቺስ? ከዚያው ጨርቅ የወጣውን አሰር ከሽሮ ጋር ስትልፊው የከረምሽው?"

ጨርቁን መሬት ላይ ጥላ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ባለቤቴ ግን ሁለታችንንም ሳታይ በእጇ የያዘችውን ወተት ግቢው ውስጥ ካለችው ጌሾዋ ሥር ደፋችውና ቤት ገባች።

የንስሐ አባታችን በስልክ "ሳታውቂ ነው፣ ጾምሽ አልፈረሰም" አሏት። ለእኔ ግን ስግደት አዘዙ። ሰገድኩ፤ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። እሷ አሁንም አልጠጣችም። በሁለተኛው ቀን ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። ያኔ ዓለም ባንክ ሰፈር ገበያ ሄጄ አዲስ አቡጀዲ ገዛሁና እጥፋቱን እንኳ ሳልፈታ ፊቷ አስቀመጥኩት።

"ማን ይጨምቀዋል?" አለችኝ።

"እኔ ነኛ።"

"አንተማ ሳትጠይቅ ዕቃ ታነሳለህ። እሷ ትጭመቀው።"

"እሷ ምን ታውቅና!"

"እንግዲያው አልጠጣም።"

ቀለበቷን አየሁት። ክሩ ላይ ሌላ ክር ደርባበታለች።

ኩሽና ገባሁ። "ነይ፣ ጨርቁን ያዢ" አልኳት እህቷን።

"እባክሽ ይበሉ።"

አርባ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን ቃል ነው የጠየቀችኝ። አልኳት።

እንደ አንሶላ ጠመዘዘችው። ግማሹ ወተት ጨርቁ ውስጥ ቀረ፤ እኔ ኩባያውን ያዝኩላት። ባለቤቴ ግን ጠጣች፣ እስከ ፋሲካ ድረስም ጠጣች። ከቀለበቷ አንዱን ክር ፈታች።

እህቷ ዛሬ ዘነበወርቅ ተቀምጣ "እህቴን በለውዝ ወተት ያዳንኳት እኔ ነኝ" እያለች ታወራለች አሉ። ልኩን ማን እንዳወጣው ትጠየቅ! ሞተሩን ትጠቅልልና እንያት! እባክሽ ያልኩትም ለባለቤቴ ሆድ ብዬ ነው፤ ለራሷ ቆጥራው ከሆነ ተሳስታለች።