ዋንጫው እኔ ጋ አደረ

ከሰቆጣ የወጣሁ ለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ እማዬ መናኸሪያው በር ላይ የበሶ ቋጠሮ አስጨበጠችኝና "ልጄ፣ ብቻሽን እንዳትበዪ" አለችኝ። ሌላ ምክር አልነበራትም። አውቶቡሱ ሲነሣ ለትምህርት የምሄድ ሳይሆን ታስሬ የምወሰድ ነው የመሰለኝ።

አሜሪካ ኤርፖርት መስታወት ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ፓስፖርቴን አገላብጦ፣ "ሰቆጣ የት ነው?" አለኝ።

ከድንጋጤዬ ብዛት የጎረቤት ከተማችንን ጠርቼ "ከኒሯቅ መለስ ብሎ" አልኩት።

"አሃ!" ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ምን እንደገባው እስከዛሬ አላውቅም።

ኮሌጁ ያለበት አገር ብርዱ አይጣል ነው! የአገሬ የደሃና ውርጭ እዚህ ቢመጣ ጋቢ ይለምናል። ከብርዱ የባሰብኝ ግን ሰዉ ነው። "ሃይ፣ እንዴት ነሽ?" ይልሽና መልስሽን ሳይሰማ ያልፋል። እኛ ጋ እኮ ልጁም ከብቱም ሳይጠየቅ አይታለፍም። መመገቢያ አዳራሽ ብቻዬን ስቀመጥ የእማዬ ቃል ትዝ ይለኛል። እውነቴን ነው፣ ላብድ ነው ብዬ ፈራሁ። ስሜን የምትጠራኝ የዶርሜ ልጅ ኬሊ ብቻ ነበረች፤ እሷም "ዝናሽ" ማለት አቅቷት "ዚናሽ" ነው የምትለኝ።

ሶሮሪቲ እንግባ ያለችኝም እሷ ናት። ሴት ተማሪዎች ተመርጠው፣ ምለው የሚገቡበት የእህትማማቾች ማኅበር ነው። ማኅበር ሲባል ልቤ ዘለለ፤ ለእማዬ ደወልኩ።

"የማን ማኅበር ነው? የማርያም ነው የሚካኤል?"

"የማንም አይደለም እማዬ። ስሙ ሦስት የግሪክ ፊደል ነው።"

"ታዲያ ማንን ነው የምትዘክሩት?"

"እኔ እንጃ።"

"ይሁን፣ ብቻ ይቀበሉሽ" አለችኝ።

ተቀበሉን። በመሐላው ቀን ሻማ ይዘን ክብ ሠራን። ሰብሳቢዋ ሜጋን ትልቅ የብር ዋንጫ አነሣች፤ እየተጎነጨን ለቀጣይዋ አቀበልን። የፖም ጭማቂ ነው። የመጨረሻዋ እኔ ሆንኩ፤ ዋንጫው እጄ ላይ ቀረና ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ወይኔ ጉዴ! እኛ ጋ ጽዋ የተቀበለ ሰው እልል ተብሎለት ቤቱ ይወስደዋል፤ ቀጣዩ ደጋሽ እሱ ነው። እንቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ምን ላብላቸው፣ የት ላስቀምጣቸው እያልኩ ዋንጫውን በነጠላዬ ሸፍኜ ዶርሜ ገባሁ።

በማግስቱ በሩ ተደበደበ። ሜጋን ናት፣ ሁለት ልጆች አስከትላ።

"ዋንጫው ጠፍቷል። አይተሽዋል?"

"ኧረ አልጠፋም፣ እኔ ጋ ነው!" ብዬ አጥቤ የወለወልኩትን በኩራት አወጣሁላት።

እርስ በርስ ተያዩ። "ለምን ወሰድሽው?"

"ተራዬ ነዋ! እሑድ ሁላችሁም እዚህ ናችሁ።"

"ከማኅበሩ ቤት ወጥቶ አያውቅም" አለች ሜጋን።

"እኛ አገር ጉድ የሚባለው ሳይወጣ ሲቀር ነው" አልኩ። አልሳቁም። ዋንጫውን ነጥቀውኝ፣ ጉዳይሽን በስብሰባ እንወስናለን ብለውኝ ሄዱ።

ሌባ መባሌ ያኔ ገባኝ። ኮሌጁ ቢሰማስ? ቪዛዬስ? እማዬን ምን ብዬ ነው የማናግራት? አብራኝ የማለችው ኬሊ እንኳ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሰው ጠርቼ ግን ባዶ ቤት አልጠብቅም። እሑድ በሶውን በማር ለወስኩ፣ ከየክፍሉ ወንበር ለምኜ ደረደርኩ፣ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ሊበሉ ይምጡ ሊያባርሩኝ በምን አውቃለሁ!

ኬሊ ብቻዋን ገባች።

"አስወጥተውሻል። ሌላ ሰው አትጠብቂ" አለችኝ።

ከዚያ እጇን ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠችና በሶውን ቆረሰች። እኔ እያለቀስኩ የጽዋችንን ደንብ አስረዳታለሁ፣ እሷ ትበላለች። ሻይ በኩባያዬ እየተቀባበልን ጠጣን። ስንጨርስ ኩባያውን አንሥታ አየችው።

"አሁን እኔ ነኝ የምወስደው አይደል? የሚቀጥለው የኔ ነው?"

ክፍላችን አንድ ናት። ኩባያውን ከእኔ መደርደሪያ ወደ እሷ መደርደሪያ አሻገረችው።

ለእማዬ ደውዬ ማኅበር እንደጠጣን ነገርኳት። "ስንት ሆናችሁ?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"እና የማን ብላችሁ ሰየማችሁት?" አለች።

ልመልስላት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። የሰቆጣ ስልክ አንዴ ከጠፋ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ይኸው "የአንቺ ነው" የሚለውን መልሴን ይዤ አሁንም እደውላለሁ።