ምሽግ ሰባሪው ስንት ዓመት ቆየ?

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከሶዶ ወደ ቤሌ ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ የጦር ፊልም ተከፍቶ ነበር። ለእናቴ የገዛሁት ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ፊልሙ ውስጥ ምሽግ ሰባሪዎች ከሁሉ ፊት ይሮጣሉ፤ ጥይቱ ሌላውን ሁሉ ይጥላል፣ ዋናውን ሰውዬ ግን አንድም አያገኘው። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ መልሼ በዝናብ የታጠበውን እንሰት አየሁ።

ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ እንዲህ ያለ ታሪክ ነፍሱ ነበር። ሶዶ ስንማር ከድር የሚባል የስልጤ ባለሱቅ ከሳሙናውና ከጨው ኋላ መጻሕፍት ያከራይ ነበር። ማርቆስ የፍቅሩን ትቶ ቦምብ በከረጢት አንግተው በእሾህ ሽቦ ሥር ስለሚሾልኩት፣ ለጦሩ መንገድ ስለሚከፍቱት ያነባል። ጸሐፊዎቹ ሲያሳምሯቸው! ረሃብ የለ፣ ቅማል የለ፣ እናት የላቸው።

ደርግ በወደቀ በሰባት ዓመቱ የሰሜኑ የድንበር ጦርነት ሲነሳ ተመዘገበ፤ ምሽግ ሰባሪ እሆናለሁ ብሎም ፎከረ። በደርግ ጊዜ የዘመቱት ጎረቤታችን ጋሽ ኦይቻ ይህን ሰምተው ጠሩት።

«ልጄ፣ እኛም ጋ ነበሩ። ጠዋት ስማቸው ይጠራል። ማታ አቤት የሚል የለም።»

«ያ ድሮ ነው፣ ጋሽዬ» አለና ሳቀ።

ሊሄድ ሲል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናብ እየዘነበ፣ ለእናታችን ከከድር የተከራየውን አንድ መጽሐፍ አነበበላት። አዬ ነው የምንላት፤ አማርኛ ስለማትችል እሱ እያነበበ ወደ ወላይትኛ ይመልስላታል። ለእሷ መጽሐፍ ማለት መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የተጻፈ ነገር ይዋሻል ብላ አስባ አታውቅም። ጎደሬ እየላጠች፣ እንደ ዘመድ ወሬ ታዳምጣለች።

እኔ መጽሐፉን ቀድሜ ጨርሼው ነበር። ምሽግ ሰባሪው መጨረሻው ላይ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይሞታል። ማርቆስ እዚያ ሲደርስ ንባቡን አቋረጠ። አዬም ቢላዋዋን ይዛ ቀረች። ከዚያ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሳ፣ «ሞተ ብለው እናቱን አረዷት። እሱ ግን ቆስሎ ሰው ቤት ተኝቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ በመስቀል መጣ» አላት።

«እሰይ!» አለች። ማርቆስ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

በቆሎው ሲደርስ ሽማግሌዎች የማርቆስን መርዶ ይዘው መጡ። አባቴ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አዬ ክንዱን ያዘችው።

«ዝም በል! የዚያኛውም እናት ጋ እንዲህ ብለው መጥተው ነበር። ተጽፏል።»

ድንኳን አልተተከለም፣ ፀጉሯንም አልተላጨችም። አባቴ በገዛ ቤቱ ማልቀስ ተከልክሎ፣ እስኪሞት ድረስ እንሰቱ ውስጥ እየገባ ያለቅስ ነበር። እኔስ ምን ልበላት? እውነቱን ብነግራት ልጇን ሁለተኛ የምገድለው እኔ ነኝ።

ማርቆስ ካነበባቸው ሁሉ እውነቱን የነገረው ያ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም ራሱ አጣመመው። ለእሷ ብሎ ይሁን ለራሱ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ኦይቻን የሚያህል ምስክር አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከከድር ሱቅ ጓዳ የወጣውን አመነ። ይህ ያንገበግበኛል።

ቤሌ ስደርስ የቅርጫው ሥጋ ተከፋፍሏል። አዬ ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ ግን ይሠራል። እንደየዓመቱ የማርቆስን ድርሻ ለብቻው በኮባ ላይ አኖረችው። እኔ በሚጥሚጣ የተፈጨውን ዳጣ ሳቀርብ እንደየዓመቱ ጠየቀችኝ።

«ያ የመጽሐፉ ልጅ ስንት ዓመት ነበር የቆየው?»

መጀመሪያ አምስት ብያት ነበር። አምስት ሲሞላ አሥር፣ ከዚያ ሃያ። ፀጉሬ ሸብቶ እኔም ደራሲ ሆንኩ።

«ሠላሳ፣ አዬ።»

በጣቶቿ አሰላች። ፊቷ በራ።

«እንግዲያስ ደርሷል» አለችና ዳጣውን ከማርቆስ ሥጋ አራቀችው። «እሱ ሚጥሚጣ አይችልም።»